«ሀገር» ባዶ ቃል ሲሆን፦ በፓይተንና በሲ ወሰን ላይ ስለሚፈጠር የዳታ ዓይነት አለመጣጣም ሂሳዊ ምልከታ

የአማርኛን ጽሑፍ በኮምፒውተር ከሚያጠኑ ተመራማሪዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት በፓይተን ነው። ፍጥነት ለሚጠይቀው የሥራ ክፍል ግን ቀደም ሲል በሲ ቋንቋ የተጻፉ ላይብረሪዎችን መጥራት የተለመደ ነው። ሁለቱን ቋንቋዎች ከሚያገናኙት መሣሪያዎች አንዱ ሲታይፕስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከፓይተን መደበኛ ስርጭት ጋር አብሮ ይቀርባል። በጥቂት መስመሮች ብቻ የሲን ፈንክሽን ለመጥራት ማስቻሉ ተገቢ ምስጋና አትርፎለታል። ይሁን እንጂ ተጠቃሚው የዳታውን ዓይነት ሳይገልጽ ሲቀር መሣሪያው ጥሪውን ከመከልከል ይልቅ በራሱ ግምት ያሳልፈዋል። ይህ ልማድ በግዕዝ ፊደል ለሚጻፉ ቋንቋዎች የሚያስከትለው ጉዳት በላቲን ፊደል ለሚጻፉት ከሚያስከትለው የተለየና ለመለየት የሚያስቸግር ነው።

ነገሩን በአንድ ቀላል ምሳሌ ማየት ይቻላል። በሲ ቋንቋ የጽሑፍን ርዝመት የሚቆጥረው ስትርሌን የተባለው ፈንክሽን ነው፤ ዋጋው ዜሮ የሆነ ባይት እስኪያገኝ ድረስ ባይቶችን ይቆጥራል። «ሰላም» የሚለው ቃል ለፓይተን ሦስት ፊደል ነው። በዩቲኤፍ 8 ተቀይሮ ከተላከ፣ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ትክክለኛው መልስ 9 ይሆናል። ዓይነቱ ሳይገለጽ እንዳለ ከተላከ ግን ሲታይፕስ ቃሉን በሰፊ ፊደላት አቀማመጥ ያስተላልፈዋል። የአንድ ሰፊ ፊደል መጠን በዊንዶውስ ሁለት ባይት፣ በሊኑክስ ደግሞ አራት ባይት ነው። ስለዚህ ያው ጥሪ በዊንዶውስ 6፣ በሊኑክስ 2 የሚል መልስ ይሰጣል። አንድም የስህተት መልእክት አይወጣም።

እንግሊዝኛ በዚሁ መንገድ ቢላክ የየቃሉ ርዝመት 1 ሆኖ ስለሚመለስ ስህተቱ ወዲያው ይታያል። አማርኛ በዊንዶውስ ሲላክ ግን መልሱ አሳማኝ ይመስላል። ተመራማሪው የፊደሉ ቁጥር እጥፍ መሆኑን አይቶ ለሁለት ያካፍላል፤ በሞከራቸው ቃላት ሁሉ ትክክል ሆኖ ያገኘዋል፤ ሥራውንም ይቀጥላል። ስህተቱ የሚገለጠው «ሀገር» የሚለው ቃል ሲመጣ ነው፤ የዚህ ቃል ርዝመት 0 ሆኖ ይመለሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዩኒኮድ ሰንጠረዥ የ«ሀ» ቁጥር በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር 1200 ነው። ዛሬ በብዛት በሚሠራባቸው ኮምፒውተሮች ዝቅተኛው ባይት ቀድሞ ስለሚቀመጥ፣ ሲ መጀመሪያ የሚያገኘው ዜሮውን ይሆናል። ቁጥሩ 1300 የሆነው «ጀ»ም ዕጣው ተመሳሳይ ነው። «ጀበና»ና «ጀግና» ባዶ ቃል ይሆናሉ፤ «ሰሀን» ደግሞ በአንድ ፊደል ይቀራል።

ጉዳቱ ቴክኒካዊ ብቻ አይደለም። «ሃ» ቁጥሩ 1203 በመሆኑ «ሃገር» ተብሎ የተጻፈው ቃል ሳይነካ ያልፋል። ባዶ ቃላትን የሚያስወግድ አንድ ተራ የማጣሪያ መስመር በመካከሉ ካለ፣ የሞክሼ ፊደላትን አጠቃቀም የሚመረምር ጥናት «ጸሐፊዎች ከ‹ሀ› ይልቅ ‹ሃ›ን ይመርጣሉ» ወደሚል ድምዳሜ ሊደርስ ይችላል። ድምዳሜው የጸሐፊዎቹን ልማድ ሳይሆን የባይቶችን አቀማመጥ የሚገልጽ ይሆናል።

አለመጣጣሙን ለማስተካከል በተለምዶ የሚወሰዱት እርምጃዎችም ሊመረመሩ ይገባል። አንደኛው፣ ላይብረሪው በባይት የሚመልሰውን የቦታ ቁጥር ለሦስት ማካፈል ነው። «ሰላም፡ነው» በሚለው ጽሑፍ ሁለተኛው ቃል የሚጀምረው ከ12 ባይት በኋላ ስለሆነ፣ ሲካፈል 4 ይሆናል፤ ትክክል ነው። በሁለት ነጥብ ፋንታ ባዶ ቦታ ሲገባ ግን፣ ባዶ ቦታ አንድ ባይት ብቻ ስለሆነ፣ ቁጥሩ 10 ይሆንና ሒሳቡ ይፋለሳል። እ.ኤ.አ. በ2021 ለጉራጌ አጻጻፍ ወደ ዩኒኮድ የገቡት ፊደላት ደግሞ እያንዳንዳቸው አራት ባይት ይይዛሉ። ሁለተኛው እርምጃ፣ ባይቶችን ወደ ፊደል ሲመልሱ የማይነበበውን ዝም ብሎ እንዲዘል ፓይተንን ማዘዝ ነው። 32 ባይት በሚይዝ ቦታ ላይ የመዝጊያው ዜሮ ሲቀነስ አሥር የግዕዝ ፊደላትና የአሥራ አንደኛው አንድ ባይት ይቀራሉ። ትእዛዙ ይህን ቅሪት ሲሰርዝ ጽሑፉ መቆረጡን የሚያሳየውን ብቸኛ ማስረጃ አብሮ ይሰርዛል። ሁለቱም እርምጃዎች የሚያርሙት ስህተቱ የታየበትን ቦታ እንጂ የተወለደበትን አይደለም።

ስህተቱ የሚወለደው በወሰኑ ላይ ስለሆነ መታረም ያለበትም እዚያው ነው። ፈንክሽኑ ከመጠራቱ በፊት የሚቀበላቸው ዓይነቶች አርግታይፕስ በተባለው፣ የሚመልሰው ዓይነት ደግሞ ሬስታይፕ በተባለው ቦታ ሊጻፉ ይገባል። የመጀመሪያው ባይት እንደሚጠብቅ ከተገለጸ፣ ፓይተን ያልተቀየረ ጽሑፍ ሲላክለት ጥሪውን ይከለክላል፤ «ሀገር»ም ሳይታወቅ አይጠፋም። ሁለተኛው ሳይገለጽ ከቀረ ደግሞ መልሱ ባለ 32 ቢት ሙሉ ቁጥር ተደርጎ ስለሚወሰድ፣ በ64 ቢት ሥርዓት የማህደረ ትውስታ አድራሻ የላይኛው ግማሹ ይቆረጣል። የቦታ ቁጥር ሲመለስም ማካፈል ሳይሆን፣ እስከዚያ ቦታ ያሉትን ባይቶች ወደ ፊደል መልሶ መቁጠር ነው የሚገባው። የሲታይፕስ መመሪያ ዓይነቶቹ እንዲገለጹ ይመክራል፤ ወቀሳው መሣሪያው ምክሩን ግዴታ አለማድረጉ ነው። ሲኤፍኤፍአይ የተባለው ሌላ መሣሪያ የሲውን መግለጫ አስቀድሞ ስለሚጠይቅ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው።

መግለጫ ግን ሁሉን አይፈውስም። «ባይት ነው» የሚለው ቃል ባይቱ በየትኛው ኢንኮዲንግ እንደተጻፈ አይናገርም። የግዕዝ ፊደላት በዩቲኤፍ 8 የሚጀምሩበት 225 የተባለው ባይትም፣ አሉታዊ ቁጥር በሚቀበለው የሲ ዓይነት ሲነበብ 31 ሲቀነስ ይሆናል፤ ያንን ቁጥር የሰንጠረዥ መፈለጊያ ያደረገ ላይብረሪ ከሰንጠረዡ ውጭ ያነባል። ይህን ስምምነት ማረጋገጥ ለሰው የተተወ ኃላፊነት ነው። የግዕዝ ፊደልን የሚመለከት ጥናት ላይብረሪ ሲጠራ «ሀገር»፣ «ጀበና» እና «ሰሀን» በዊንዶውስም በሊኑክስም ላይ መፈተናቸውን በዘዴው ክፍል ሊገልጽ ይገባዋል። «ሰላም»ን ብቻ የሞከረ ፈተና አላለፈም።