የበጋው ፎቶ ቤት

ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሁሩሙ ዝናብ የማይሰለቻት አገር ናት። ታኅሣሥና ጥር ግን ሰማዩ ይገለጣል፤ ብርዱም ለዘብ ያለ ነው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በመዘገበው የያዩ ደን አካባቢ ቡናው ተለቅሞ ገንዘብ እጅ ሲገባ፣ ጥምቀትና ሠርግ ሲከታተሉ፣ ፎቶ ቤት ወረፋ ይያዝበታል።

እኔን የሚማርከኝ የቤተሰብ ሥራነቱ ነው። ባል ካሜራውን ሲያዘጋጅ ሚስት የሙሽሪትን ነጠላ ታስተካክላለች፤ ልጅ መጋረጃውን ይዘረጋል። ሙያው በአገራችን እንዲህ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል፤ የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ለልጆቹ ለሃይጋዝና ለቶርኮም አውርሶታል፤ እነሱም በቤተ መንግሥት ሠርተዋል።

ጉርድ ፎቶ ለመታወቂያ ነው፤ ቶሎ ያልቃል። የቤተሰቡ ፎቶ ግን ጊዜ ይወስዳል። አያት ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፣ ልጆች ግራና ቀኝ ይቆማሉ፣ ፎቶ አንሺው «አባባ፣ ትንሽ ቀና ይበሉ» ይላል። ስልክ በየኪሱ ባለበት ዘመንም ሦስት ትውልድ ባንድ ወንበር ዙሪያ እንዲህ በክብር የሚሰበሰብበት ሌላ ቦታ አላየሁም።