ስሌታዊ አስተሳሰብና የመርካቶ ዋጋ

ፕሮፌሰር ዣኔት ዊንግ በ1998 ዓ.ም. «ስሌታዊ አስተሳሰብ» በሚል ርእስ ያሳተሙት አጭር ጽሑፍ፥ ይህ ዐይነቱ አስተሳሰብ ለኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻ ሳይሆን እንደ ማንበብና እንደ መጻፍ ለሰው ሁሉ ያስፈልጋል ይላል። ዐሳቡን በመሠረቱ እንቀበላለን። ይህን ትምህርት የቀመሰ ተማሪ ችግር ሲቀርብለት ወዲያው ወደ መልሱ አይሮጥም፤ ችግሩን ይከፋፍላል፥ የማያስፈልገውን ዝርዝር ይተዋል፥ ከዚያም የሥራውን ቅደም ተከተል ይወስናል።

የምንነቅፈው የምሳሌዎቹን አመራረጥ ነው። የበረዶ መንሸራተቻ መከራየት ይሻላል ወይስ መግዛት? በትልቅ መደብር ውስጥ በየትኛው ሰልፍ መቆም ይሻላል? እነዚህ ጥያቄዎች ዋጋው ተለጥፎ፥ ሰልፉም ተሠርቶ ከሚጠብቅበት አገር የተወሰዱ ናቸው።

ነገሩን ወደ መርካቶ እናምጣው። በጣልያን ወረራ ዘመን ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ የተዛወረው ይህ ገበያ በየተራው የተከፈለ ነው፤ በርበሬ ፈላጊ በርበሬ ተራ፥ ቆርቆሮ ፈላጊ ቆርቆሮ ተራ ይሄዳል። ስሌት የተማረ ሰው ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ዕቃው አስቀድሞ በዐይነቱ ስለ ተለየ ፍለጋው ወደ ጥቂት ሱቆች ይወርዳልና። (እናቶቻችን ይህን ያለ መምህር ያውቁታል።) እስከዚህ ድረስ ትምህርቱና ገበያው ይስማማሉ።

ችግሩ ዋጋ መጠየቅ ሲጀመር ይመጣል። ስንት ሱቅ ጠይቆ መግዛት ይገባል? ሒሳብ ለዚህ መሰል ጥያቄ የታወቀ ደንብ አለው፤ ይኸውም ከጠቅላላው 37 በመቶ የሚሆነውን አይቶ ማለፍ፥ ከዚያ በኋላ ካለፉት ሁሉ የሚሻለውን የመጀመሪያውን መያዝ ነው። ነገር ግን ደንቡ ያለፉትን ተመልሶ መያዝ አይቻልም ከሚል መነሻ ይነሣል። በመርካቶ መመለስ ይቻላል፤ ዳሩ ግን ሻጩ ገዥው ዞሮ መምጣቱን ሲያይ ሌላ ቦታ ርካሽ እንዳላገኘ ይገምታልና ዋጋው እንደ ቀድሞው ላይቆይ ይችላል። የሚፈለገው ነገር ፈላጊውን እያየ ይለወጣል ማለት ነው። ደንበኛ የያዘ ሰው ደግሞ ከነጭራሹ አይዞርም።

እንግዲህ ደንቡን በቃሉ የያዘ ተማሪ ሻጩን እንደማያስፈልግ ዝርዝር ቈጥሮ ቢተወው፥ ስሌቱ ሳይሳሳት እሱ ይሳሳታል። ዊንግ ዝርዝርን ስለ መተው ደጋግመው ይናገራሉ፤ የመረጧቸው ምሳሌዎች ግን መተው ያለበትን አስቀድመው ትተው የቀረቡ ናቸው። የክፍል መልመጃዎቻችንም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ናቸው፤ ቁጥሩ ተሟልቶ ስለሚሰጠን ከባዱን ውሳኔ የጨረሰው መምህሩ ነው።

ስለዚህ አንድ መልመጃ ቆርቆሮ ተራ ላይ ቢሰጠን እንወዳለን፤ ሻጩ መጀመሪያ የጠራውን ዋጋ፥ ተመልሰን ስንጠይቀው ያለንን፥ በመጨረሻም የተስማማንበትን እንመዝግብ፤ ደንቡንም ከዚያ በኋላ እንጻፍ።