ለኮዲ መዝገብ

መብራት ሄዶ ሲመለስ ቴሌቪዥኑ ሥዕል እንጂ ድምፅ አልነበረውም። እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች «እኒህ ሰዎች ዲዳ ሆኑ እንዴ?» አለች። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ባለው ቤታችን ፊልም የሚያሳየን ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ ፕሮግራሙም ኮዲ። እ.ኤ.አ. በ2002 ለኤክስቦክስ ሲጀመር ስሙ ሌላ ነበር፤ ኮዲ የተባለው በ2014 ነው።

ጎረቤታችን «ኬብሉ ነው» አለ፤ ወንድሜ «ስፒከሩ ተቃጥሏል»። እኔ ኮዲ ዶት ሎግ የሚባለውን ፋይል ከፈትሁ። እወደዋለሁ ይህን ፋይል። ፕሮግራሙ ከተነሣበት ቅጽበት ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ሰዓት እየጠቀሰ ይጽፋል፤ አያጋንንም፣ አያድበሰብስም፣ እንደ ጎረቤቴም አይገምትም። አብዛኛው መስመር አሰልቺ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ግማሹ አይገባኝም። የድምፅ መውጫዎች የተዘረዘሩበት ቦታ ስደርስ ግን ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ የሚያገናኘው ኤችዲኤምአይ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ በራሱ ይነሣል፤ ቴሌቪዥኑ ሪሞት እስኪነካ ይተኛል። ኮምፒውተሩ በኤችዲኤምአይ ድምፅ ተቀባይ መኖሩን የሚያውቀው ቴሌቪዥኑ ስለራሱ በሚልክለት መረጃ ነው። መልስ ሲያጣ ወደ ሌላ መውጫ ይዞራል። ተዋንያኑ ለካ ማንም ባልሰካበት የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ሲጮኹ አምሽተዋል!

ቴሌቪዥኑን አስቀድሜ አብርቼ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሣሁት።

«በል ከመጀመሪያው መልሰው» አለች እናቴ፣ ቡናውን እየቀዳች።