አምስት ለአራት፦ የቫንኩቨር ቡድን በ2011 ዓ.ም. የቁጥር ብልጫ ይዞ ግብ ማግባት ስለ ምን እንዳቃተው

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ የብዛትን ኃይል ለማስረዳት ዘወትር ይጠቀሳል። ነገር ግን በጥሞና ለተመለከተው ሰው፣ ምሳሌው ኃይሉን የሰጠው ለብዛት ሳይሆን ለማበር ነው፤ የተበታተነ ድር ብዙም ቢሆን አንበሳ ቀርቶ ዝንብ አያስርም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ በብዛትና በኅብረት መካከል ያለውን ልዩነት፣ ከአገራችን እጅግ በራቀ በአንድ ጨዋታ ላይ መመርመር ነው። ጨዋታው የበረዶ ላይ ሆኪ ነው። ጉዳዩም የካናዳው የቫንኩቨር ካናክስ ቡድን በ2011 ዓ.ም. ለስታንሊ ዋንጫ ፍጻሜ ከአሜሪካው ከቦስተን ብሩይንስ ጋር ሰባት ጊዜ በተጋጠመበት ወቅት፣ ተጋጣሚው ሰው ጎድሎበት ሳለ ግብ ማግባት እንዴት እንደ ተሳነው ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ጨዋታው ሕግ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ገና የተጫወተ ሰው ጠማማውን ዱላና እሩሩን ስለሚያውቅ ነገሩ ብዙ አያስቸግረውም፤ በሆኪ በእሩር ፈንታ ፓክ የሚባል ጠፍጣፋ ጥቁር የላስቲክ ክብ ይመታል፤ ተጫዋቾቹም በብረት ጫማ በበረዶ ላይ ይንሸራተታሉ። ከእያንዳንዱ ወገን አንድ በረኛና አምስት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። አንዱ ሲያጠፋ ዳኛው አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ደቂቃ ከሜዳ ያስወጣዋል፤ ቡድኑም በአራት ሰው ይቀራል። አምስቱ በአራቱ ላይ የሚጫወቱበት ይህ ጊዜ «ፓወር ፕሌይ» ይባላል፤ እኛ «የብልጫ ጨዋታ» ልንለው እንችላለን። ሰው ለጎደለበት ወገን ግን ሕጉ አንድ ማካካሻ ይሰጠዋል፤ ይኸውም ሌላ ጊዜ የሚከለከለውን፣ ፓኩን ከራሱ አጠገብ እስከ ሜዳው ዳርቻ ድረስ መትቶ መገላገልን፣ ያለ ቅጣት እንዲያደርግ ይፈቀድለታል።

ብልጫው በእውነት ብልጫ መሆኑን ታሪክ ይመሰክራል። በኅዳር ወር 1955 ዓ.ም. የሞንትሪያሉ ዣን ቤሊቮ በቦስተን ላይ በአንድ የብልጫ ጨዋታ በ44 ሴኮንድ ውስጥ ሦስት ግብ አገባ። በዚያን ዘመን የተቀጣው ሰው ግብ ቢገባም ሁለት ደቂቃውን ሳይጨርስ አይመለስም ነበር፤ በ1956 ዓ.ም. ግን ሕጉ ተለውጦ አንድ ግብ ሲገባ የተቀጣው እንዲመለስ ተደረገ። ሕግ አውጭዎች ለመገደብ የተገደዱበት ኃይል እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን። ታዲያ እንዲህ ያለው ኃይል በቫንኩቨር እጅ እንዴት ከሸፈ?

በመጀመሪያ ቁጥሮቹን እንመልከት። በ2010-11 የውድድር ዘመን የቫንኩቨር የብልጫ ጨዋታ ከናሽናል ሆኪ ሊግ ቡድኖች ሁሉ አንደኛ ነበር፤ ካገኛቸው ዕድሎች 24.3 በመቶውን ወደ ግብ ለውጧል። የሊጉ አማካይ 18 በመቶ ገደማ ነበር። በግንቦት ወርም ከሳን ሆዜ ጋር ባደረገው አራተኛ ግጥሚያ፣ አምስት ለሦስት ሆኖ ሲጫወት ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ግብ አግብቷል። ወደ ፍጻሜው በገባ ጊዜ ግን ከ33 ዕድሎች ያገባው 2 ብቻ ነው። ይባስ ብሎም በእነዚሁ የብልጫ ጊዜያት አራት ሰው የቀረው ቦስተን 3 ግብ አገባበት። ሂሳቡ ሲጠቃለል፣ ቫንኩቨር አንድ ሰው በልጦ በተጫወተበት ጊዜ ሁሉ ካተረፈው የከሰረው በአንድ ግብ በለጠ ማለት ነው።

ለዚህ ውድቀት በተለምዶ የሚሰጡት ምክንያቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው፣ የቡድኑ ዋና ተጫዋቾች፣ በተለይም ስዊድናውያኑ መንትዮች ዳንኤልና ሄንሪክ ሴዲን፣ ልበ ሙሉ አልነበሩም የሚለው ነው። ይህ አስተያየት በብዙ ሰው አፍ ቢገኝም ምክንያት ሊባል የሚገባው አይመስለኝም። ሄንሪክ በ2010፣ ዳንኤል ደግሞ በ2011 ዓ.ም. በሊጉ ውስጥ ከፍተኛውን ነጥብ ያገኙ ሰዎች ናቸው። ድፍረት የሌለው ሰው በሚያዝያ ደፋር ሆኖ በሰኔ ፈሪ የሚሆንበትን ምክንያት ማንም አላስረዳንም። እንዲህ ያለው ነቀፌታ ውጤቱን አይቶ ባሕርይን ይፈጥራል፤ ከዚያም የፈጠረውን ባሕርይ የውጤቱ ምክንያት ያደርገዋል። ይህ በክብ ላይ መሄድ እንጂ መመርመር አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት የቦስተኑ በረኛ ቲም ቶማስ ነው። ይህ እውነትነት አለው። ቶማስ በሰባቱ ግጥሚያዎች ከተላኩበት 246 ምቶች 238ቱን መልሷል፤ ቫንኩቨር በጠቅላላው ያገባው 8 ግብ ብቻ ነው። ስለዚህ የግብ ድርቅ የነበረው በብልጫው ጊዜ ብቻ ሳይሆን ቁጥሩ እኩል በነበረበት ጊዜም ጭምር ነው። ነገር ግን ይህ ምክንያት የጉዳዩን ግማሽ ብቻ ያስረዳል። በረኛ ግብ እንዳይገባ ይከለክላል እንጂ በወዲያኛው ጫፍ ሄዶ ግብ አያገባም። ቦስተን አራት ሰው ይዞ ያገባቸው ሦስት ግቦች፣ ፓኩ ገና ቶማስ ዘንድ ሳይደርስ በቫንኩቨር በራሱ አሰላለፍ ውስጥ ይጠፋ እንደ ነበር ያመለክታሉ።

ሦስተኛው ምክንያት ዕድል ነው። 33 ዕድል ጥቂት ቁጥር ስለ ሆነ እንዲሁ ሊሳሳት ይችላል የሚሉ አሉ። ይህን በስሌት መፈተን ይቻላል። እያንዳንዱ ዕድል ራሱን የቻለ ነው፣ ቡድኑም እንደ ልማዱ 24.3 በመቶ የማግባት ችሎታ አለው ብለን ብንነሳ፣ ከ33 ዕድሎች 2 ወይም ከዚያ በታች የማግባት ነገር ከ1000 ጊዜ 7 ጊዜ ያህል ብቻ የሚደርስ ነው። ችሎታው ወደ ሊጉ አማካይ፣ ወደ 18 በመቶ ወርዶ ነበር ብንል ግን ከ100 አምስት ጊዜ ያህል ይደርሳል፤ ወደ 15 በመቶ ወርዶ ነበር ብንል ደግሞ ከ100 አሥራ አንድ ጊዜ ያህል። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ሁለት ነው። ዕድል ብቻውን ነገሩን አያስረዳም፤ የሆነ ነገር ችሎታውን ዝቅ አድርጎታል። ነገር ግን ለውድቀቱ ሁሉ ልክ የሚሆን ታላቅ ጥፋት መፈለግም አያስፈልግም፤ መጠነኛ መዳከምና መጠነኛ ክፉ ዕድል ሲጋጠሙ ይህን የመሰለ ውጤት ያወጣሉ።

እንግዲህ መጠነኛው መዳከም ከምን መጣ? በእኔ አስተያየት ከሦስት ነገሮች የተገኘ ነው።

አንደኛ፣ የብልጫው ጨዋታ የተመሠረተው በመንትዮቹ መግባባት ላይ ነበር። ሁለቱ ሳይተያዩ የሚቀባበሉ እስኪመስሉ ድረስ ፓኩን ከሜዳው ዳር ግድግዳ ወደ ግቡ አጠገብ ያመላልሱት ነበር። ይህ ጥበብ በዓመቱ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያገኛቸውን ተጋጣሚ ያደናግራል። አንድ ቡድን ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰባት ጊዜ ሲያገኛቸው መንገዱን ያጠናዋል። የቦስተን አራቱ ተከላካዮች ወደ ዳር ተስበው ከመበታተን ይልቅ በግቡ ፊት ተሰብስበው ሳጥን ይሠሩ ነበር፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር የሆነው ዜዴኖ ቻራም በረጅም ዱላው የመቀባበያውን መንገድ ይዘጋ ነበር። አምስት ሰው ዙሪያውን ፓክ ቢቀባበልና ወደ መካከል ባይገባ፣ አምስተኛው ሰው በቁጥር አለ እንጂ በሥራ የለም።

ሁለተኛ፣ ለሁለት ደቂቃ የተሰጠ ብልጫ በእውነቱ የጊዜ ብልጫ ነው። ከላይ እንደ ተገለጸው፣ ሰው የጎደለበት ወገን ፓኩን ያለ ቅጣት ወደ ሩቅ ሊመታው ይችላል። አጥቂዎቹ ወደ ኋላ ተመልሰው ፓኩን አንሥተው፣ እንደገና ተሰልፈው የተጋጣሚውን ሰማያዊ መስመር እስኪያልፉ ድረስ ብዙ ሴኮንድ ያልፋል። ይህ ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ከሁለቱ ደቂቃ ምን ያህል ይቀራል? ተመልካቹ ያልተመታውን ምት ይነቅፋል፤ ጉዳቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከዚያ አስቀድሞ፣ በመግቢያው መስመር ላይ ነው። ሦስቱ የቦስተን ግቦችም የሚያስጠነቅቁት ስለዚሁ ነው፤ አምስቱም ወደ ፊት ባዘነበሉ ጊዜ የሚጠፋ ፓክ ኋላውን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል።

ሦስተኛ፣ የአካል ድካም ነው። በግቡ ፊት ቆሞ የበረኛውን ዓይን መሸፈን የራያን ኬስለር ሥራ ነበር፤ ኬስለር በዚያው በጋ የዳሌ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ሚካኤል ሳሙኤልሶን ቆስሎ በፍጻሜው አልተሰለፈም። ከተከላካዮቹም ዳን ሃምሂውስ በመጀመሪያው ግጥሚያ ተጎድቶ አልተመለሰም። የመጨረሻው በብልጫው ጨዋታ ዋና ሰው ባይሆንም፣ የእሱ መጉደል በሌሎቹ ላይ የሥራ ሸክም ጨምሯል። ተጋጣሚን ወደ ግቡ አፍ ገፍቶ የሚገባ ኃይል ሲቀንስ፣ ጨዋታው ወደ ዳር መሸሹ አይቀርም። ስለዚህ ሦስተኛው ነገር የመጀመሪያውን ያባብሰዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሐቀኛ ሂስ አንድ ተቃውሞ መስማት አለበት። የብልጫ ጨዋታ ይህን ያህል ወሳኝ ከሆነ፣ ቦስተንስ? በዚያው ዓመት በመጀመሪያው ዙር ከሞንትሪያል ጋር ሲጋጠም ቦስተን ከ21 ዕድሎች አንድም አላገባም፤ ሆኖም በሰባት ግጥሚያ አሸንፎ አለፈ፤ ዋንጫውንም ወሰደ። በተጨማሪም ቫንኩቨር የተሸነፈባቸው ግጥሚያዎች 8 ለ1፣ 4 ለ0፣ 5 ለ2 እና 4 ለ0 ነበሩ። እንደ ልማዱ አግብቶ ቢሆን ኖሮ ከ2 ፈንታ 8 ግብ ያገኝ ነበር፤ ስድስቱ ትርፍ ግቦች እነዚህን ሰፊ ልዩነቶች ሁሉ አይሞሉም።

ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ግን የመጨረሻውን ውጤት ብቻ ስለሚቆጥር ቅደም ተከተልን ይረሳል። በሰባቱም ግጥሚያዎች ያሸነፈው አስቀድሞ ያገባው ቡድን ነው። በሦስተኛው ግጥሚያ የመጀመሪያው ክፍል ያለ ግብ ነበር ያለቀው፤ 8 ለ1 የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ሰኔ 15 ቀን በተደረገው በሰባተኛው ግጥሚያም ቫንኩቨር 2 ለ0 እየተመራ ሳለ በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ የብልጫ ዕድል አገኘ። አንድ ግብ ቢያገባ ጨዋታው ገና ነበር። ነገር ግን ፓትሪስ ቤርዠሮን ፓኩን ይዞ አመለጠና ውጤቱ 3 ለ0 ሆነ። ያን ጊዜ ብልጫው መድኃኒት መሆኑ ቀርቶ መርዝ ሆነ። በዚያች ሌሊት የቫንኩቨር መንገዶች በሁከትና በእሳት ተሞሉ።

ይህ በሽታ የአንድ ቡድን ብቻ አይደለም። በ2024 ዓ.ም. ቶሮንቶ በዓመቱ ውስጥ 24 በመቶ የብልጫ ዕድሉን ሲያገባ ቆይቶ፣ በመጀመሪያው ዙር በዚያው በቦስተን ፊት ከ21 ዕድሎች 1 ብቻ አግብቶ በሰባት ግጥሚያ ወደቀ። በዚያም ጊዜ የተሰማው ነቀፌታ ያው የልብ ጉድለት ነበር።

ለማጠቃለል ያህል፣ የቫንኩቨር የብልጫ ጨዋታ የወደቀው ተጫዋቾቹ ፈሪዎች ስለ ሆኑ አይደለም። አንድ መንገድ ብቻ ያለው ጥበብ ለሰባት ቀን ተማሪ ስለ ተጋለጠ፣ ጊዜው በመግቢያው መስመር ላይ ስለ ባከነ፣ ወደ መካከል የሚገፋ አካል ስለ ደከመ፣ በዚህም ላይ ድንቅ በረኛና ጥቂት ክፉ ዕድል ስለ ተጨመሩበት ነው። ተቺ የሆነ ሰው ሁሉ በሽንፈት ማግሥት ስለ ሰው ልብ ከመፍረዱ በፊት እንዲህ ያለውን የተራ ነገር ቆጠራ እንዲያደርግ ግዴታ ያለበት ይመስለኛል፤ ልብን የሚመረምር ሌላ ነውና። አምስቱ በቁጥር ከአራቱ ይበልጡ ነበር፤ ያበሩት ግን አራቱ ነበሩ።