ተጫዋቹ፣ አድማጩና ሟቹ ፒያኒስት፦ «ኢተርናል ሶናታ» በተጫዋቾቹ ሚዛን

ፍሬደሪክ ሾፓን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 1849 ሌሊት፣ ፓሪስ ፕላስ ቫንዶም አደባባይ ላይ በሚገኘው መኖሪያው በ39 ዓመቱ አረፈ። ታላቅ እኅቱ ሉድቪካ ከዋርሶ መጥታ ስታስታምመው ሰንብታለች። «ኢተርናል ሶናታ» የተባለው የጃፓን ቪዲዮ ጌም ታሪኩን የሚያያይዘው ከዚያ አልጋ ጋር ነው። ሞት አፋፍ ላይ ያለው ሙዚቀኛ ሕልም ያያል። በሕልሙም እንደ ማንኛውም የጃፓን «አር ፒ ጂ» ጀግና ከወጣቶች ጋር ተቧድኖ ጭራቅ ይገጥማል፣ ከግፈኛ መስፍን ጋር ይታገላል። መሣሪያው ደግሞ የኦርኬስትራ መሪ በትር ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም። ብዙ ተጫዋቾችም ሳቃቸውን እንደያዙ ገብተው፣ ገሚሶቹ ተማርከው ገሚሶቹ ተበሳጭተው ወጥተዋል።

ጌሙን የሠራው ትራይ-ክሬሸንዶ የተባለ ድርጅት ነው፤ አሳታሚው ናምኮ ባንዳይ። በ2007 ለኤክስቦክስ 360፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ አዳዲስ ነገሮች ተጨምረውበት ለፕሌይስቴሽን 3 ወጣ። ትራይ-ክሬሸንዶ በድምፅ ባለሙያዎች የተቋቋመ ቤት ነው። ዳይሬክተሩ ሂሮያ ሃትሱሺባም ወደዚህ ሥራ የመጣው ከድምፅ ፕሮግራሚንግ ነው። የጌሙን የራሱን ሙዚቃ የደረሰው ሞቶይ ሳኩራባ ሲሆን፣ የሾፓንን ድርሰቶች በፒያኖ የተጫወተው በ1985 የዋርሶን ዓለም አቀፍ የሾፓን ውድድር ያሸነፈው ሩሲያዊ ስታኒስላቭ ቡኒን ነው። ሥራውን የመሩት ሰዎች ከማየት ይልቅ ለመስማት የሰለጠኑ እንደነበሩ ልብ ይሏል። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተጫዋቾች ከሁሉ አስቀድመው ያመሰገኑት መልኩን ነውና። ቀለማቱን፣ ብርሃኑን፣ የውኃ ቀለም ሥዕል የሚመስሉትን መንደሮች ያላደነቀ ተጫዋች ማግኘት ያስቸግራል። መንገዶቹ ጠባብና ቀጥ ያሉ፣ ካሜራውም ተጫዋቹ እንዳሻው የማያዞረው መሆኑን የነቀፉት እንኳ ነቀፋቸውን የሚጀምሩት ከውበቱ ነው።

ስምምነቱ ያበቃው ሾፓን ጋ ሲደረስ ነው። አንዱ ወገን ሾፓን ለጌጥ ብቻ የገባ ነው ይላል። ስሙን አንሥተህ ሌላ ስም ብትተካ ታሪኩ እምብዛም አይናጋም፤ በጉዞው ላይም ሰውየው ከመናገር ይልቅ ዝም ማለት ያዘወትራል። ሌላው ወገን በተቃራኒው ሾፓን በዛብን ባይ ነው። የዚህኛው ወገን ቅሬታ የሚያርፈው በምዕራፎቹ መካከል በሚመጡት የፎቶግራፍ ትርኢቶች ላይ ነው። ትርኢት ሲጀምር ጨዋታው ይቆማል፣ ሕልሙም ይሰወራል። የዛሬዎቹ ፖላንድና ፈረንሳይ እውነተኛ ፎቶግራፎች አንድ በአንድ ይታያሉ፤ የሾፓን የሕይወት ታሪክ በጽሑፍ ይወርዳል፤ ቡኒን ከበስተጀርባ ይጫወታል። ለደቂቃዎች የተጫዋቹ እጅ ሥራ ፈት ነው። እንቅልፍ አመጣብኝ ያለ አለ፤ ክላሲካል ሙዚቃን ማዳመጥ የጀመርኩት ከዚህ ወዲህ ነው ያለም አለ። ሁለቱንም አምናቸዋለሁ፤ አንዳንዴ ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው።

በእኔ አስተያየት ትርኢቶቹ የጌሙ ድክመት አይደሉም። ጭራቅ በመግደል መካከል ተጫዋቹን አስቁሞ በ1830 ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ከዋርሶ ስለወጣ፣ ወሩ ሳያልቅም በአገሩ አመፅ ስለተነሣና ወደዚያ ምድር ዳግመኛ ስላልተመለሰ የ20 ዓመት ወጣት የሚተርክ የንግድ ጌም ድፍረት አለው። ጥያቄው ድፍረቱ ምን ላይ ዋለ የሚለው ነው።

ጌሙ በሰባት የሾፓን ድርሰቶች ላይ ቆሟል። ምዕራፎቹ ስማቸውን የወሰዱት ከእነዚሁ ነው፤ የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ከሾፓን ድርሰት ያልተወሰደ ስም ይዟል። «የዝናብ ጠብታ» የሚባለው ፕረሉድ፣ «አብዮታዊው» ኤቱድ፣ ፋንታዚ-ኢምፕሮምፕቱ፣ ታላቁ ደማቅ ቫልስ፣ የኦፐስ 9 ሁለተኛው ኖክተርን፣ «ሐዘን» የሚባለው ኤቱድና «ጀግናው» ፖሎኔዝ ናቸው። ከሰባቱ የአራቱን ቅጽል ያወጣላቸው ሾፓን አይደለም፤ አድማጮች፣ አሳታሚዎችና ተጫዋቾች ናቸው። እሱ ሙዚቃውን በታሪክ መተርጎም አይወድም ነበር። የፍቅር ጓደኛው የነበረችው ደራሲ ጆርጅ ሳንድ በሕይወት ታሪኳ መጽሐፍ እንደጻፈችው፣ በ1838ና 39 ክረምት ማዮርካ ደሴት ቫልዴሞሳ ገዳም በከረሙበት ጊዜ፣ በዝናብ ሌሊት የደረሰውን ፕረሉድ ስትሰማ በውስጡ የጣሪያውን ጠብታ እንደሰማች ነገረችው፤ እሱም የተፈጥሮን ድምፅ ቀዳህ የተባለ መስሎት ተቆጣ። የትኛው ፕረሉድ እንደሆነ እንኳ እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር የለም፤ በልማድ የሚጠቀሰው 15ኛው ነው። ፋንታዚ-ኢምፕሮምፕቱ ደግሞ ጨርሶ ሊታተም የሚገባው አልነበረም። ሾፓን ያልታተሙ ሥራዎቹ እንዲቃጠሉ አሳስቦ ነበር፤ ወዳጁ ዩሊያን ፎንታና ግን በ1855 አሳተመው።

እንግዲህ ሾፓንን በማይመለከተው ታሪክ ውስጥ ከተቱት የሚለው የአንዳንድ ተጫዋቾች ክስ ተከሳሹን ስቷል። ይህን ሥራ የጀመሩት ጃፓናውያን አይደሉም። ሙዚቃውን ወደ ጠብታ፣ ወደ አብዮት፣ ወደ ጀግና የቀየረው የአውሮፓ አድማጭ ነው፤ ጌሙ ያደረገው የአድማጮቹን ቅጽል እንደ እውነት ተቀብሎ በእያንዳንዱ ላይ መንደር፣ ደንና ምሽግ መሥራት ነው። ትራይ-ክሬሸንዶም ከረጅሙ የአድማጮች ሰልፍ መጨረሻ ላይ የቆመ አንድ አድማጭ ነው።

የተጫዋቾቹ መከፋፈል ሌላም፣ ይበልጥ ምድራዊ ምክንያት አለው። ቡኒን በዋርሶ ሲያሸንፍ ገና 19 ዓመቱ ነበር፤ ጃፓን ውስጥ ዝናው እንደ ፖፕ ዘፋኝ ሆነ፣ ስሙም የዘመኑ ወረት መጠሪያ እስከመሆን ደረሰ። ሾፓን በዚያች አገር የሙዚቃ አዋቂዎች ብቻ ንብረት አይደለም፤ ልጆቻቸውን ፒያኖ የሚያስተምሩ ቤተሰቦች ሁሉ ያውቁታል። ጌሙ ከመውጣቱ በፊት በ2006 መጨረሻ ደግሞ የሙዚቃ ተማሪዎችን ሕይወት የሚተርከው «ኖዳሜ ካንታቢሌ» በቴሌቪዥን ድራማ ቀርቦ ክላሲካል ሙዚቃን የመንገድ ወሬ አድርጎት ነበር። ይህን ሁሉ ያሰበ ተመልካች ጌሙ ገበያ ያጣል ብሎ አይጠረጥርም። ነገር ግን መጀመሪያ የወጣው በኤክስቦክስ 360 ላይ ነው፤ ይህ ማሽን ጃፓን ውስጥ ገበያው ቀዝቃዛ ነበር። ቡኒን ማን እንደሆነ የሚያውቀው ሕዝብ ማሽኑ የለውም፤ ማሽኑ ያላቸው አሜሪካውያንና አውሮፓውያን ደግሞ ስለ ቡኒን አልሰሙም። ስለዚህ በምዕራቡ ዓለም የተጻፈው አስተያየት በአብዛኛው ፎቶግራፍና ፒያኖ ያልጠበቀ ሰው አስተያየት ነው። ይህን ሳያገናዝቡ ምስጋናና ነቀፋ መቁጠር ከንቱ ድካም ነው።

ስለ ታሪኩ ተጫዋቾች የሰነዘሩት ትችት ግን በአብዛኛው ልክ ነው። አጀማመሩ የሚያጓጓ ነው። ፖልካ የተባለች የ14 ዓመት ልጅ አስማት ትችላለች፤ በዚያ ዓለም አስማት የሚችሉት ደግሞ ሊድን በማይችል ሕመም የተያዙ ብቻ ናቸው። ሰዎች ሕመሙ ይጋባብናል ብለው ይሸሿታል። የአበባ ዱቄት ለመድኃኒት ይዛ ገበያ ትወጣለች፣ የሚገዛት የለም፤ መስፍን ቫልስ በአበባው ዱቄት ላይ ከባድ ግብር ጥሎ የማዕድኑን ዱቄት ከግብር ነጻ አድርጎታልና። ርካሹ መድኃኒት ደግሞ ሰውን ፈቃድ ወደሌለው ወታደር ይቀይራል። በግብር አማካይነት ሕዝብን መመረዝ፣ ለልጆች በተሣለ በሚመስል ጌም ውስጥ! እዚህ ላይ ሾፓንም ጌጥ አይደለም። ታናሽ እኅቱ ኤሚሊያ በ1827 በ14 ዓመቷ በሳንባ ነቀርሳ ሞታለች፤ ፖልካን ሲያይ ኤሚሊያ ትታወሰዋለች። ሐሳቡ ጥልቅ ነበር። ግን ከመካከል ወዲያ የግብሩ ነገር ይረሳል፣ መስፍኑ እንደ ተራ ክፉ ይወገዳል፣ ታሪኩም ሕልም ነው ወይስ እውን ወደሚል ንግግር ይንሸራተታል። መጨረሻ ላይ ሾፓን ራሱ ከወዳጆቹ ጋር ይፋለማል፤ በመዝጊያውም ገጸ ባሕርያቱ በተራ እየተነሡ ስለ ሕይወት ይሰብካሉ። ጌሙን ከልብ የወደዱት ሳይቀሩ ስብከቱን አልማሩትም። እኔም አልምረውም። ፒያኖው ቃል ሳያወጣ የተናገረውን በቃል መድገም ምን ይባላል?

(በነገራችን ላይ፣ በዚህ የመድኃኒትና የግብር ዓለም ውስጥ ፈጥኖ መክበሪያው መንገድ ቢት የተባለው ልጅ በውጊያ መካከል የሚያነሣውን የጭራቅ ፎቶግራፍ መሸጥ ነው። ተጫዋቾች ይህን ከደረሱበት ወዲህ ስለ ድህነት የሚወራው ወሬ ክብደቱ ቀንሷል።)

የሳኩራባ ሙዚቃም ሌላ ጭቅጭቅ ወልዷል። ሳኩራባ በወጣትነቱ የፕሮግረሲቭ ሮክ ባንድ ኪቦርዲስት ነበር፤ የውጊያ ሙዚቃዎቹ የቸኮሉ፣ የሚገፉ፣ ሕብራቸው የደመቀ ነው። ጌሙን ከጨረሱ በኋላ ጆሮአቸው ላይ የቀረው የሾፓን ሳይሆን የሳኩራባ ዜማ መሆኑን ብዙዎች ይናገራሉ፤ ገሚሶቹ እንደ ምስጋና፣ ገሚሶቹ እንደ ክስ። ምክንያቱ ከዜማው ጥራት ይልቅ ከእጅ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ሳኩራባ የሚሰማው ተጫዋቹ ሲሯሯጥ፣ ሲመታ፣ ሲመክት ነው። ሾፓን በአብዛኛው የሚሰማው እጅ ሲታጠፍ ነው። ሰውነት የተሳተፈበት ሙዚቃ ይታወሳል።

ታዲያ ሾፓን ወደ ተጫዋቹ እጅ ጨርሶ አልደረሰም? ደርሷል ባይ ነኝ፤ የደረሰው ግን ማንም ባልፈለገበት በኩል ነው። ተጫዋቾች ከመልኩ ቀጥሎ በአንድ አፍ ያመሰገኑት የውጊያውን ሥርዓት ነው። የውጊያው ሜዳ በብርሃንና በጥላ የተከፈለ ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ ብርሃን ላይ ቆሞ የሚሰነዝረው ልዩ ምት እርምጃ ተራምዶ ጥላ ውስጥ ሲገባ ሌላ ይሆናል፤ ሊያክም የነበረው ሊያጠቃ ይችላል። አንዳንድ ጭራቆችም ከፀሐይ ወደ ጥላ ሲሻገሩ መልካቸው ይለወጣል። ቡድኑ ደረጃ በወጣ ቁጥር ደግሞ አማራጩ ይሰፋል፣ የማሰቢያው ጊዜ ግን ያጥራል። መጀመሪያ ላይ ተጫዋቹ ቆሞ እስኪያስብ የሚጠብቀው ሰዓት በኋላ ፋታ አይሰጥም።

አሁን 15ኛውን ፕረሉድ እናዳምጥ። ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ድምፅ ያለማቋረጥ ይደጋገማል። በመጀመሪያው ክፍል፣ በሬ ቤሞል ማዦር፣ ይህ ድምፅ ላ ቤሞል ነው፤ ከላይ ያለውን ለስላሳ ዜማ እየደገፈ በጸጥታ ይጓዛል። በመካከለኛው ክፍል ሙዚቃው ወደ ዶ ዲየዝ ሚኖር ይዞራል፤ ያው ድምፅ ሶል ዲየዝ ተብሎ ይጻፋል። ፒያኖው ላይ የሚነካው ቁልፍ አልተለወጠም፤ ጣቱም አልተነቃነቀም። ግን ደጋፊው አስፈሪ ሆኗል፤ ከሥሩ የሚወጣው ከባድ ዜማ እየገፋ ሲመጣ ያ ለስላሳ ጠብታ እንደ ማስጠንቀቂያ ይደቃል። የተለወጠው በዙሪያው ያለው ሕብር ብቻ ነው።

በብርሃንና በጥላ የተከፈለው ሜዳ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፦ ነገሩ አንድ ነው፣ የሚወድቅበት ብርሃን ይለየዋል። ዳይሬክተሩ ይህን አስቦበታል አልልም፤ ማሰቡም አያስፈልግም። በሌላ ቦታ ጌሙ ስለ ዝናብ ይተርካል፣ የዝናብ ሥዕል ያሳያል፣ ቅጽሉን ይከተላል። እዚህ ግን ቅጽሉን ትቶ ሙዚቃው የሚሠራበትን መንገድ ራሱን ይሠራል። ሾፓንን ፍለጋ ፎቶግራፎቹን ያፈጠጡት ወዳጆችም፣ ሾፓን የለም ብለው ያጉረመረሙት ነቃፊዎችም የፈለጉት በተሳሳተ ክፍል ነው። ውጊያው ግሩም ነው፣ ታሪኩን ተወው ያሉት ተጫዋቾች ሳያውቁት ከሁሉ የተሻለ የሙዚቃ ሂስ ሰጥተዋል።

ጌሙ ወደዚህ መንገድ የሚያስገባ ሌላ በር ከፍቶ ነበር። በየመንደሩና በየዋሻው የተበተኑ አጫጭር የዜማ ቁራጮች አሉ። ተጫዋቹ ይሰበስባቸዋል፣ ከዚያ መንገድ ላይ ካገኘው ሰው ዜማ ጋር ያጣምራቸዋል፤ ሁለቱ ከተስማሙ ሽልማት አለው፣ ካልተስማሙ ጆሮው ራሱ ይፈርዳል። ስለዚህ ክፍል ተጫዋቾች ብዙም አልጻፉም፤ አብዛኞቹ ትርፍ ጨዋታ ብለው አልፈውታል፣ ሠሪዎቹም ትርፍ አድርገው ነው የተዉት። ቁራጮቹ ከሾፓን የተወሰዱ አይደሉም። በፕሌይስቴሽን 3 ላይ ጌሙ እንደገና ሲወጣ የተጨመሩት ልዑል ክሬሸንዶንና እጮኛውን ሰሪናድን ይዞ መዋጋት፣ ተጨማሪ ዋሻዎችና አልባሳት ናቸው፤ ያ የላ ቤሞል ጠብታ በተጫዋቹ እጅ ገብቶ ከአንዲት የመንደር ሴት ዜማ ጋር እንዲጣመር ያሰበ ግን አልነበረም። ለተጨማሪው ይዘት ብለው ለሁለተኛ ጊዜ የገዙ ተጫዋቾች ቅር አላቸው ቢባል ስለ ዋሻው ብዛት ነው። ለእኔ ቅሬታው እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።