ሁለት መጻሕፍት ስለ ሲንግ ሲንግ ወህኒ ቤት

ስለ ወህኒ ቤት ሲጻፍ እስረኛው ይታሰባል፤ ዘበኛው ግን እንደ ግንቡ ድንጋይ ይቈጠራል። በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በሀድሰን ወንዝ ዳር ለሚገኘው ለሲንግ ሲንግ ግን ከሠራተኞቹ ወገን ሁለት የታወቁ ጸሐፊዎች ወጥተውለታል።

ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1825 የተጀመረው በእስረኞች ጕልበት ነው። ኤላም ሊንድስ የተባለው አዛዥ ከኦበርን ወህኒ ቤት 100 ሰዎች አምጥቶ፣ ድንጋዩን እያስፈለጠ በዝምታና በጅራፍ አሠራቸው።

ከ1920 እስከ 1941 አዛዥ የነበሩት ሉዊስ ሎውስ በ1932 «ሃያ ሺህ ዓመት በሲንግ ሲንግ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ቍጥሩ የ2,500 እስረኞች ፍርድ ድምር ነው። ሎውስ የሞትን ቅጣት ይቃወሙ ነበር፤ ቅጣቱ ግን በእርሳቸው አዛዥነት ይፈጸም ነበር። ቅንነታቸውን አንጠራጠርም፤ ነገር ግን ቤቱን የሚያዩት ከአዛዥ ወንበር ላይ ሆነው ነው።

ቴድ ኮኖቨር የተባሉት ጋዜጠኛ የዘበኞችን ሥልጠና ለመከታተል ፈቃድ ቢከለከሉ፣ ራሳቸው ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ። በ2000 የታተመው «ኒውጃክ» ቁልፍ ያዡም ከእስረኛው ጋራ እንደሚታሰር፣ ቍጣውም እስከ ቤቱ እንደሚከተለው ያሳየናል። ስለዚህ ከሎውስ መጽሐፍ ይበልጣል ብለን እንፈርዳለን።

ጕድለቱን ግን ሳንናገር አናልፍም። ኮኖቨር ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ ወጡ፤ ሲገቡም እንደሚወጡ ያውቁ ነበር። ለባልደረቦቻቸው ግን ሥራው እንጀራቸው ነው። እንግዲህ መጽሐፉ ገብቶ የወጣ ሰው ምስክርነት እንጂ እዚያው የቀረው ዘበኛ ቃል አይደለም፤ ይህንንም ለይቶ ማንበብ የታሪክ ተማሪ ግዴታ ይመስለናል።