ልክ የሌለው የሳይንስ ዜና

በየዓመቱ መገባደጃ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በአካባቢ ሳይንስ ተገኙ የሚባሉ ውጤቶች በጋዜጣና በሬዲዮ ተዘርዝረው ይቀርባሉ። እዚህ ጅቡቲ ከተማ ያሉ ተማሪዎቻችንም ሰምተዋቸው ይመጡና ይጠይቁናል። መጠየቃቸው ያስደስተናል። ቅር የሚለን ግን ዜናዎቹ ተማሪው ራሱ የሚመረምርበትን ነገር፣ ማለትም ዘመኑንና መጠኑን፣ አስቀርተው መምጣታቸው ነው።

ፊዚክሱን በአጭሩ እንለፈው። የ2025 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ለጆን ክላርክ፣ ለሚሼል ዴቮሬና ለጆን ማርቲኒስ ሲሰጥ ነገሩ የትናንት ግኝት መስሎ ተነገረ። የተሸለመው ሙከራ ግን በ1984 እና በ1985 በበርክሌይ የተካሄደ ነበር። በመካከሉ ያለፈው አርባ ዓመት ከተደበቀ ተማሪው ምርምር በአንድ ጀምበር የሚያልቅ ሥራ ይመስለዋል።

የኬሚስትሪው ዜና ግን የኛን ከተማ በቀጥታ ይነካልና እንቆይበት። ሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ሪቻርድ ሮብሰንና ኦማር ያጊ በዚያው ዓመት የተሸለሙት የብረት አዮኖችን ከካርቦናዊ ሞለኪውሎች ጋር በማያያዝ ውስጣቸው ባዶ ክፍል የሆነ ጠጣር ነገሮችን በመሥራታቸው ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በሌሊት ከደረቅ አየር ላይ እንፋሎት ይይዛሉ፤ ቀን ፀሐይ ሲያሞቃቸው ይለቃሉ። ዜናው «ከበረሃ አየር ውሃ ተቀዳ» አለ። ያጊ አማን ከተማ ውስጥ ከስደተኛ ቤተሰብ መወለዱንም አልዘነጋም። ስንት ሊትር እንደተቀዳ ግን አልተናገረም!

በ2019 የያጊ ቡድን በአሜሪካ ሞሃቪ በረሃ ባደረገው ሙከራ 1 ኪሎ ግራም ዱቄት በቀን 0.7 ሊትር ገደማ ሰጥቷል። በ2021 የተመረቀው የዶራሌ የባሕር ውሃ ማጣሪያ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ እንዲያመርት የታቀደ ነው። ተማሪዎች ያካፍሉት፤ ይህን ያህል ውሃ በዱቄቱ ለማግኘት 32 ሺህ ቶን ያህል ዱቄት ያስፈልጋል። የኃይሉም ጉዳይ አለ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ለማትነን 650 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይጠይቃል፤ ከዱቄቱ ማስለቀቅም ከዚህ አያንስም። የባሕርን ውሃ በግፊት በስስ ወንፊት ማጣራት ግን 3 ወይም 4 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል። የፀሐይ ሙቀት በነፃ መገኘቱን አንክድም። ሆኖም የከተማችን አየር እንኳ ደረቅ አይደለም፤ በበጋው ሙቀት ከአየር ማቀዝቀዣ ሥር ባልዲ ያስቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህን ስንል ሥራውን ማቃለላችን አይደለም። ከባሕር ርቆ፣ ጉድጓዱ ጨው በሆነበት የዲኪል ገጠር 10 ኪሎ ዱቄት በቀን 7 ሊትር ቢሰጥ ለአንድ አነስተኛ ቤተሰብ መጠጥ ይሆናል። ግኝቱ የሚከበረው በዚህ ልኩ ነው። ቧንቧው ደርቆበት ጀሪካን ተሸክሞ የሚውል ልጅ ግን «የውሃ ችግር ተፈታ» ተብሎ ሲነገረው፣ በሚቀጥለው ዓመት ሳይንስን ከማይፈጸም የተስፋ ቃል ጋር ይደምረዋል።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቻችን ቁጥር የተማሪን ፍላጎት ያቀዘቅዛል ይላሉ። እኛ አንስማማም። ከከተማችን በስተምዕራብ፣ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአሳል ሐይቅ አጠገብ፣ አርዱኮባ በኅዳር 1978 እ.ኤ.አ. ፈነዳ። መሬቱ ወደ 2 ሜትር ያህል ተከፈተ። ይህ ሊታወቅ የቻለው ባለሙያዎች ከጥቂት ዓመታት በፊት ምልክት ተክለው ርቀቱን ለክተው ስለነበር ነው። ስምጡ ዛሬም በዓመት 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ የጣት ጥፍር በዓመት ከሚያድገው ግማሽ ያህል መሆኑ ነው። ይህን በክፍል ስንናገር ጥፍሩን የማያይ ተማሪ አላጋጠመንም።